ቀኝ እጄ ከመሪው ሳይለቅ

ግራ እጄን የፋብሪካው የብረት መጫኛ ማሽን፣ ፕሬሱ፣ ከበላው በኋላ ሊጠይቀኝ የመጣ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ እንጀራዬ ነበር። ፋብሪካው ዘበኛ አድርጎ ያስቀምጥህ ይሆን? ጡረታህ ይከበርልህ ይሆን? ክፋት የላቸውም፤ ብርቱካንና ሙዛቸውን አንጠልጥለው ከአቃቂ ድረስ ሁለት ታክሲ ቀይረው ነው የመጡት። እኔ ግን ዓይኔን የሆስፒታሉ ኮርኒስ ላይ ተክዬ የማስበው ስለ ብስክሌቴ ነበር። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ብነግራት ፕሬሱ ጭንቅላቴንም ያገኘው ይመስላት ነበር።

በላው ስል ጨርሶ አይደለም። አውራ ጣቴና ትንሿ ጣቴ ቀርተዋል። ቀርተዋል ማለት ቦታቸው ላይ አሉ ማለት ነው እንጂ አይታጠፉም፣ አይጨብጡም፤ መኖራቸውን የሚያስታውሱኝ ብርድ ሲሆን ብቻ ነው። ስፌቱን የፈታልኝ ሐኪም «ተመስገን በል፣ ቀኝህ ቢሆንስ ኖሮ?» አለኝ። ተመስገን አልኩ። ጎረቤቱም፣ የንስሐ አባቴም፣ የፋብሪካው አስተዳደርም ያንኑ ደገሙልኝ። ለሁሉም ተመስገን እያልኩ፣ ውስጤ ግን እየጨሰ ቤቴ ገባሁ።

ብስክሌቱ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ጠበቀኝ። ቀጭን ጎማ፣ ወደ ታች የታጠፈ መሪ ያለው፣ ቀለሙ እዚህም እዚያም የተላጠ የውድድር ብስክሌት ነው። ሚስቴ አቧራውን አራግፋለት ነበር። እሷ ቤት ስታጸዳ ያገኘችውን ሁሉ ታራግፋለች፣ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም፤ እኔ ግን ሬሳ የገነዘችልኝ መስሎኝ ከፋኝ። ቀኑን ሙሉ አኮረፍኳት፣ እሷም ለምን እንደሆነ ሳታውቅ መልሳ አኮረፈችኝ።

ነገሩ የሚገባው የእኛን እሑድ ለሚያውቅ ሰው ነው። የብረታ ብረት ፋብሪካችን የመንግሥት ሳለ የብስክሌት ክለብ ነበረው፤ እኔም ፕሬስ ላይ የተቀጠርኩት ለክለቡ እንድወዳደር ነው። ፋብሪካው ወደ ግል ሲዛወር አዲሶቹ ባለቤቶች ላሜራ እንጂ ዋንጫ አንሸጥም ብለው ክለቡን ዘጉት። አሰልጣኛችን ከባቡር ሥራ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ነበሩ፤ ስንት ጊዜ ደጅ ጠንተው ብስክሌቶቹ በየጋላቢው እጅ እንዲቀሩ አስፈቀዱልን። ክለቡ ፈረሰ፣ እሑድ ግን አልፈረሰም። ጠዋት አቃቂ ድልድዩ አጠገብ እንሰበሰብና በአንድ መስመር ተሰልፈን በቱሉ ዲምቱ በኩል ወደ ደብረ ዘይት እንወጣለን። በሥራ ቀን ኑሮዬ ፕሬሱ ሲነሳ ላሜራ ማስገባት፣ ከመውረዱ በፊት እጅን መሳብ ነበር። እዚያ የሚፈለገው እጄ ነው። እኔ የምፈለገው እሑድ ብቻ ነበር።

መስመር ስል እንዲሁ ተከታትሎ መሄድ አይደለም። የፊተኛው ሰው የኋላ ጎማና የኔ የፊት ጎማ በመሃላቸው አንድ ስንዝር ያህል ቢሆን ነው። ነፋሱን እሱ ይሰብርልኛል፤ ሲደክመው ወደ ጎን ይወጣና እኔ ለሱም ለሌሎቹም እሰብራለሁ። እዚያ ውስጥ ያለ ሰው መንገዱን አያይም፤ የሚያየው የፊተኛውን ጀርባ ነው። ጉድጓድ ሲመጣ ከፊት ያለው እጁን ወደ መሬት ዘርግቶ ያሳያል፤ ቀጥሎ ያለው ከኋላው ላለው ያሳያል፤ እንዲያ እያለ እስከ ጭራው ይደርሳል። ጭራ ላይ ያለውም ሥራ አለው። ከመሃል አንዱ ደክሞ ከመስመሩ ሲላቀቅ «ተቆረጠ» ብሎ ይጮሃል፣ ሁላችንም ረገብ እንላለን። ይህንን አሰልጣኛችን ገና በልጅነታችን ነው ያስተማሩን፤ ከዚያ ወዲህ እንደ መተንፈስ ስለሆነብን ማንም አስቦት አያውቅም።

ከፊቴ ወይም ከኋላዬ ሁልጊዜ የሚነዳው አንድ ጓደኛዬ ነበር። አቃቂ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ አብረን አድገን፣ እሱ በኋላ ከሳሪስ አቃቂ የሚመላለስ ሚኒባስ ሾፌር ሆነ። ሆስፒታል ሲመጣ ብርቱካን አላመጣም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ ፋሻውን አየና «ታዲያ ማርሹን በምን ልትቀይር ነው?» አለኝ። ከእንግዲህ ትነዳለህ ወይ አላለኝም። ስለ እጄ ያለቀስኩት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ከሆስፒታል እንደወጣሁ ብስክሌቱን አውርደን ከፊቱ ቁጢጥ አልን። ፔዳሉ ዘንድ ሰንሰለቱ የሚጠመጠምባቸው ሁለት ክብ የፊት ጥርሶች ነበሩት፣ ትልቅና ትንሽ። የኋላ ጎማው ላይ ደግሞ የተደራረቡ ትናንሽ ጥርሶች አሉ። ሰንሰለቱን የፊቶቹ ላይ የሚያዘዋውረው ግራ እጅ ነው፤ የኋላዎቹ ላይ የሚያዘዋውረው ቀኝ እጅ። «ግራህ ሥራ ከፈታ የፊቱንም ሥራ እናስፈታዋለን» አለ ጓደኛዬ፤ «አንድ ጥርስ ይበቃሃል።» ትልቁን ብናስቀር ዳገት ሊገድለኝ፣ ትንሹን ብናስቀር ቁልቁለት ላይ እግሬ በባዶው ሊሽከረከር ሆነ። ከሁለቱ መሃል የሚሆን አንድ ጥርስ ከአሮጌ ብስክሌት ላይ ነቅለን ገጠምን። የግራ እጅ መቀየሪያውን ከነሽቦው ፈታነውና ሚስቴ ጥራጊ ውስጥ ከተተችው። ሲወድቅ ሰማሁት።

የቀረው የቀኝ እጅ መቀየሪያ ነው። የፈለግነው ሁሉ፣ የተጨቃጨቅነው ሁሉ በሱ ነው። በኛ ዘመን ብስክሌቶች ላይ መቀየሪያው ያለው መሪው ላይ አልነበረም፤ ከመሪው በታች በተጋደመው ብረት ላይ ነው። ማርሽ ለመቀየር ጎንበስ ብሎ አንድ እጅ መልቀቅ ያስፈልጋል። ግራ እጄ አይጨብጥምና በድሮ ጊዜ እግራችንን ከፔዳሉ ጋር የምናስርበትን የቆዳ ጠፍር አመጣን፤ በሱ መሪው ላይ ጥፍር አድርገን አሰርነው። ከዚያ ከእህል መጋዘኖቹ ጀርባ፣ መኪና በማይበዛበት መንገድ ወጣሁ። ቀኝ እጄን ገና ከመሪው ሳነሳ የታሰረው እጄ ክብደቴን መሸከም አቅቶት መሪው ወደ ግራ ዞረ። ቦይ ውስጥ ገባሁ። አንድ የባጃጅ ሾፌር ሳቁን እየዋጠ ጎትቶ አወጣኝ፣ የታሰረውን እጄን ሲያይ ግን ሳቁ ጠፋ። ሳቁን ብመርጥ ይሻለኝ ነበር።

ሁለተኛው ምርጫ በአውራ ጣት የሚገፋው ነው፣ ባለ ወፍራም ጎማዎቹ ብስክሌቶች ላይ ያለው። እሱ እንደ ልብ ይገኛል፤ ችግሩ የተሠራው ለቀጥታ መሪ መሆኑ ነው። የኔ መሪ ውፍረቱ ስለሚበልጥ ማቀፊያው አልገጥም አለ። ጓደኛዬ በሞረድ ሲሞርደው ውሎ በግድ አስገባው። ገባ፤ ግን የቆመው መሪው መሃል አካባቢ ሆነ፣ ፍሬኑ ደግሞ ከፊት ጫፍ ላይ ነው። አንዱን ስይዝ ሌላው ይርቀኛል። ቁልቁለት ላይ ማርሽ ልቀይር ብዬ ፍሬን ብለቅ መጨረሻዬ ተሳቢ ሥር ነው። ይህንን ስናገር ሚስቴ እየሰማች ነበርና «እንግዲያውማ ግድግዳው ላይ ይሁን!» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል ነው የምትሠራው፤ ማሽን ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች።

ሦስተኛው ነበር የልቤ። ፍሬኑና መቀየሪያው በአንድ ላይ የተሠራ፣ መዳፍ ሳይንቀሳቀስ በጣት ገፋ ሲያደርጉት ጠቅ ብሎ ማርሽ የሚቀይር። በቴሌቪዥን አይተነዋል፣ ከውጭ በመጣ ብስክሌት ላይም ነክተነዋል። እሱ ካለ ቀኝ እጄ ሁሉንም ይሠራል፣ ይይዛል፣ ይገታል፣ ይቀይራል፣ ከመሪው ግን አይለቅም። ጓደኛዬም «በቃ፣ ያንተ መድኃኒት እሱ ነው» አለ። እጄ ከመሪው እንዳይለቅ፤ ሌላ ምንም አልጠየቅንም። እንደ ስለት ነው የያዝነው።

እሱን ፍለጋ ያልገባሁበት የብስክሌት ዕቃ ሱቅ የለም። መርካቶን አካለልኩት። ዕቃው ባለበት ሁሉ የሚሸጠው ጥንዱ ነው፤ ቀኙን ብቻ ስላቸው እንደ እብድ ያዩኛል። በመጨረሻ ጓደኛዬ ሳሪስ አንድ የስልጤ ነጋዴ ዘንድ ወሰደኝ፤ በሚኒባሱ ሲያልፍ ሱቁ በር ላይ የተንጠለጠሉ ጎማዎች አይቶ ነው። ጠና ያሉ፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ ቀኙን ብቻ ቢሸጡልኝስ?» አልኳቸው።

«ጥንድ አይለያይም ልጄ» አሉኝ፤ «ቀኙን ወስደህ ግራው እዚህ ምን ያደርግልኛል? ግራ ብቻ ፈልጎ የሚመጣ ማን አለ?»

ግራ እጄን ከኪሴ አወጣሁ። ለማንም አላወጣውም ነበር፤ ሚኒባስ ውስጥ እንኳ ሒሳብ ስከፍል ኪሴ ውስጥ ነው። ሰውየው አዩት። ወደ ጓዳ ገቡና አንድ ማዳበሪያ ጎትተው መጡ፤ ውስጡ ከተጋጩ ብስክሌቶች የወጣ ዕቃ ነው። ሲበረብሩ ቆይተው አንድ ጥንድ አወጡ። ግራው ከአንገቱ ተሰብሯል፣ ቀኙ ደህና ነው። ጠቅ ጠቅ አድርገው አሰሙኝና «ይሄ ያንተ ነው» አሉ። ልሳቅ ይሁን ላልቅስ አላውቅም ነበር፤ ጓደኛዬ ግን ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

ቀኙን ስንገጥመው ቤታችን ሰርግ መስሎ ነበር። የጠቅታው ብዛት ከኋላ ጥርሶቼ ጋር አልገጥም ሲል ከዚያው ከተጋጨው ብስክሌት የኋላ ጥርሶቹንም ሄደን አመጣናቸው። ሚስቴ ሳትወድ በግድ ሽቦውን በፒንሳ ወጥራ ያዘችልን፣ ጓደኛዬ ብሎኑን አጠበቀ። የኋላውን ፍሬን በቀኙ አደረግነው፤ የፊቱን ተውነው። የተሰበረው የግራ መቀየሪያ ላይ የነበረውን ላስቲክ አውልቀን ለታሰረው እጄ መደገፊያ አደረግነው። አሰልጣኛችን ሊያዩ መጡ። ዞረው ዞረው አይተው አንድ ነገር ብቻ ነቀፉ፤ ሰንሰለቱን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚገፋው የፊቱ መግፊያ ስለተነሳ ሰንሰለቱ ጠባቂ የለውም፣ መንገድ ሲያነጥር ከጥርሱ ላይ ይወድቃል አሉ። ጓደኛዬ ከላሜራ ቁራጭ ከለላ ሠራለት። እሳቸውም ጥሩ ነው አሉ።

ሚስቴ ፒንሳውን እንደያዘች «ቆይ» አለች፤ «መንገድ ላይ ሰው ሰላም ሲልህስ በምንህ ነው የምትመልሰው?»

«በጥርሱ!» አለ ጓደኛዬ።

ሳቅን። አሰልጣኛችንም ሳቁ፣ እሷም ራሷ ሳቀች። ሦስታችን ዕድሜያችንን በብስክሌት ላይ የፈጀን ሰዎች ነን፤ ጥያቄውን ሰማነው፣ ሳቅንበት፣ ሻይ ጠጣን። ያንን ቀን ባስታወስኩ ቁጥር ያ ሳቅ ነው የሚያመኝ።

ብቻዬን ስለማመድ ተአምር ነበር። ከመጋዘኖቹ ጀርባ፣ ከዚያ እስከ ቃሊቲ፣ ከዚያም እስከ ቱሉ ዲምቱ ዳገት። ጠቅ ሲል ሰንሰለቱ ይወጣል፣ ጠቅ ሲል ይወርዳል፣ እጄ ካለበት አይነቃነቅም። ዳገቱ ላይ ኮንዶሚኒየም የሚሠሩ ሰዎች ቆመው ያዩኝ ነበር፤ እጄ ከሩቅ አይታወቅም፣ ጠፍሩ ጓንት ይመስላል። እንደ ማንኛውም ጋላቢ አለፍኳቸው። ብዙ ጊዜ ደስ ብሎኝ የማያውቅ ሰው ነኝ፣ ያን ሰሞን ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ እሑድ መጣ። ድልድዩ አጠገብ ጓዶቼ አቅፈው ሳሙኝ፣ መቀየሪያዬን ተራ በተራ ጠቅ አደረጉት። አሰልጣኛችን እንደ ወጉ ሁላችንንም አዩና ጉዞ ጀመርን። መስመሩ ውስጥ ስገባ፣ ያንን የፊተኛውን ጀርባ ሳይ፣ ያንን የጎማ ድምፅ ስሰማ እንባዬ መጣ። ነፋስ ነው ብዬ ተውኩት። አለፍ ስንል ተራዬ ደረሰና ወደ ፊት ወጣሁ። ከኋላዬ ጓደኛዬ ነበር። መንገዱ ባዶ፣ ነፋሱ በኔ ደረት ላይ፣ ሰዎቼ ከኋላዬ። እንደገና የምፈለግ ሰው ሆንኩ።

ከቱሉ ዲምቱ ቁልቁል ስንወርድ ለውኃ ቱቦ አስፋልቱን ቆርጠው፣ አፈር መልሰው፣ አፈሩም ሰምጦ የቀረ ጉድጓድ ከቀኝ በኩል አየሁ። ለኔ ምንም አይደለም፤ መሪዬን ትንሽ ዘወር አደረግሁና በጎኑ አለፍኩ። ያኔ ቀኝ ትከሻዬ በራሱ ተነሳ፤ ክንዴ ሊዘረጋና ሊያመለክት ነበር። መዳፌ ግን አልተነሳም። ፍሬኑም ማርሹም ክብደቴም በሱ ነው፤ ብለቀው ወደ ቦዩ ነኝ። ግራዬ ተንቀሳቀሰ፣ ጠፍሩ ያዘው። «ጉድጓድ!» ብዬ ጮህኩ። አጠገባችን አንድ ተሳቢ ጥሩምባውን እየነፋ ሲያልፍ ነበርና ድምፄን እኔ ራሴ አልሰማሁትም። ከኋላዬ የሰማሁት የብረት ድምፅ ነው።

ጓደኛዬ መሬት ላይ ተቀምጦ በቀኝ እጁ ግራ ትከሻውን ደግፎ ነበር ስደርስ። ጠፍሩን በጥርሴ እስክፈታ ሌሎቹ ከበውታል። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። «የብስክሌተኛ አጥንት ናት፣ ምንም አይደል» አለኝ፤ የአንገትጌውን አጥንት ማለቱ ነው፣ ሁላችንም አንድ አንድ ጊዜ ሰብረነዋል። ምንም ላደርግ እንዳልቻልኩ ሁሉም ገባቸው። አንድም ሰው ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ቢሰድቡኝ ኖሮ እሰድባቸው ነበር፣ ነገሩም እዚያው ይበርድ ነበር።

እጄ ከመሪው እንዳይለቅ ብዬ መረጥኩት፤ አልለቀቀም። ይህንን ለሳምንታት ስመላለስበት ከረምኩ። አንድ ብልሃት አይጠፋም ብዬ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ፊሽካ በአፌ ይዤ ሞከርኩ፤ ዳገት ላይ ትንፋሼን ዘጋኝ፣ ደግሞም ፊሽካ ጉድጓዱ በየት በኩል እንደሆነ አይናገርም። ያንን ውድ መቀየሪያ አውልቄ ወደ ድሮው ልመለስ፣ ቀኝ እጄን መልቀቅ በግድ ልልመድ ብዬም ሞከርኩ። ቦዩ እንደ ዘመድ ተቀበለኝ። ሚስቴ ክርኔን በጨው ውኃ ስታጥብልኝ ስለዚያ ጥያቄዋ አንድም ጊዜ አላነሳችም። አንድም ጊዜ። እኔ ብሆን ሳልናገር አላድርም ነበር።

አሰልጣኛችን ቤቴ የመጡት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። የሚሉትን አውቄዋለሁ፣ እሳቸውም ማወቄን አውቀዋል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ስለ ዝናቡ አወራን።

«እንግዲህ ጭራ ላይ ብትሆን ነው የሚሻለው» አሉኝ በመጨረሻ። «እዚያ ከኋላህ የምትነግረው ሰው የለም።»

«እሺ» አልኩ። ከሽማግሌ ጋር አይከራከሩም፤ ደግሞም እውነታቸውን ነው።

«ጭራም ሥራ አለው» አሉ ሲነሱ። «ሰው ሲቆረጥ የምትጮኸው አንተ ነህ።»

እንዲህ ሆኜ ስንት እሑድ እንደነዳሁ አልቆጠርኩም። ተራ አልወጣም፣ ነፋስ ለማንም አልሰብርም፤ ሌሎች የሰበሩትን ነፋስ በነፃ የምበላ ሰው ሆንኩ። የእጁ ምልክት ከፊት እየተቀባበለ ይመጣና እኔ ጋ ሲደርስ ያበቃል። አንዳንዴ ትከሻዬ አሁንም ይነሳል፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። ከደብረ ዘይት ስንመለስ አንዱ ሲደክም አይና «ተቆረጠ» እላለሁ፤ ረገብ ይላሉ። ያቺ ብቻ ነበረችኝ። ድምፄ እንዳይጠፋ በሳምንቱ መሃል እንኳ ብዙ አላወራም ነበር ብል ማን ያምነኛል? ሚስቴ ዝም ማለቴን ተስፋ መቁረጥ ነው ብላ ለንስሐ አባታችን ነግራልኝ ነበር። ተሳስታለች ማለት አልችልም።

ጓደኛዬ አጥንቱ ሲገጥም ተመለሰ። አገጣጠሙ ጥሩ አልነበረም፤ ሚኒባሱን ሲያዞር እንኳ ከነወገቡ ነው ወደ ኋላ የሚያየው፣ አንገቱ አይታዘዝለትም። ሲመለስ መስመሩ ላይ ቦታ ምረጥ ተባለና ጭራ ላይ፣ ከኔ ፊት መጣ። ሁሉ ቦታ ክፍት ሆኖለት ማለት ነው። ጉድጓድ ሲመጣ ለኔ የሚያሳየኝ እሱ ሆነ። እጁን ከሌሎቹ ዝቅ አድርጎ፣ ከሌሎቹ ረዘም አድርጎ ነበር የሚያሳየኝ፤ ለሕፃን እንደሚያሳይ። አመሰግነው ነበር፣ እጠላውም ነበር። ሁለቱንም ነው የምለው።

መጨረሻዬ የሆነው እሑድ ነፋሱ ከፊት ነበር። ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ መንገዱን እያፈረሱ ስለነበር አስፋልቱ አልቆ ጠጠር ጀመረ። ጓደኛዬ እጁን ዘርግቶ አሳየኝ፣ ጉድጓዱን አለፍኩት። ከዚያ የጠጠሩ መንገጫገጭ መጣና ሰንሰለቱ ከዚያ ከአንዱ ጥርሴ ላይ ዘለለ፤ የላሜራው ከለላ አልያዘውም። እግሬ ባዶውን ዞረ። ቆምኩ።

«ተቆረጠ!» ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ግን ይህ የሚጮኸው ለሌላ ሰው ነው፣ ለራሱ ጮሆ የሚያውቅ ጭራ የለም። ቢሆንም ጮህኩ። ነፋሱ ከነሱ ወደ እኔ ነበር የሚነፍሰው፤ ድምፄን መልሶ አፌ ውስጥ ከተተው። ሰንሰለቱን ለመመለስ አንድ እጅ ፔዳሉን ማዞር፣ አንድ እጅ ሰንሰለቱን ጥርሱ ላይ መያዝ አለበት። ጠፍሩን በጥርሴ ፈትቼ ያለኝን እጅ ቅባት ውስጥ ከትቼ ታገልኩ፣ አልሆነም። ቀና ስል ርቀዋል። ጓደኛዬ አልዞረም። እንደማይዞር አውቃለሁ፤ አንገቱን ማን እንደወሰደበት እኔ ነኝ የማውቀው።

መስመሩ ሳይዛነፍ እየጠበበ ሲሄድ ቆሜ አየሁ። ከሩቅ ያምራል፤ ውስጡ ሆኜ አይቼው አላውቅም ነበር። ከፊት ያለው እጁን ወደ መሬት ዘረጋ። ሁለተኛው ዘረጋ፣ ሦስተኛው ዘረጋ፤ ምልክቱ እየተቀባበለ እስከ ኋላ መጣ። በመጨረሻ ጓደኛዬ እጁን ከሁሉም ዝቅ አደረገና፣ ከሁሉም ረዘም አድርጎ፣ ከኋላው ለሚከተለው ሰው ጉድጓዱን አሳየ።

ብስክሌቱን እየገፋሁ ወደ አቃቂ ተመለስኩ።